ሹፌር በሰው መሪ አይተኛም

ባሌ ጀቤሳ ሠላሳ አራት ዓመት የቡና መኪና ነድቷል። ከጌራ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ጭኖ ጅማ፤ ከጅማ ደግሞ አዲስ አበባ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሌላ ሰው መሪ ይዞ፣ እሱ ከጎን ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም። ሚስቱ ስለሆንኩ የማካብድ እንዳይመስላችሁ፤ የጅማን ሹፌር ጠይቁ። "ጀቤሳ ኩመራ በሰው መሪ ይተኛል?" በሉት፣ ይስቅባችኋል።

ልጃችን ሌንሳ የተመረቀች ጊዜ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄድን። ሕዝቡ ገና አሰንዳቦ ሳንደርስ አንገቱን ጥሎ ያንኮራፋል። ጀቤሳ ግን ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር በቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ፍሬን መያዙ ነው እኮ! የሌለ ፍሬን! አዲስ አበባ ስንደርስ ባቱ ተኮማትሮ መራመድ አቃተው። የልጄን ምርቃት የጀመርኩት የባሌን እግር በማሸት ነው።

"አንተ ሰው፣ ምናለ ትንሽ ብትተኛ?" አልኩት።

"ሹፌር በሰው መሪ አይተኛም" አለኝ። "የሚተኛ ያመነ ሰው ነው። እኔ አምኜ የምተኛለት ሹፌር ገና አልተወለደም።"

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

እኔ ወይንሸት እባላለሁ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተመድቦ ጅማ መጣና እዚሁ ቀረ። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተድሬ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ቤት ሠርቼ እኖራለሁ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው፣ ደሜ ቶሎ ይፈላል፣ ምላሴም አታርፍም። ጀቤሳ "ከአንቺ ጋር ከመጨቃጨቅ ዳገት ላይ ጎማ መቀየር ይሻላል" ይላል። ይበል።

ትዳሬን ያሳለፍኩት ጆሮዬን አቁሜ ነው። የመኪናው ድምፅ ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ከስንቱ መኪና ለይቼ "መጣ" እላለሁ። ከዚያ እሱ እግሩን እየታጠበ ያወራልኛል። የጌራ ደን እንዲህ ነው፣ ፀሐይ እንኳ መሬቱን አታገኘውም። ቡናው ከዛፍ ሥር በራሱ ነው የሚበቅለው። አጋሮ ዙሀራ ቤት እንዲህ ያለ ፍርፍር በላሁ። ይቺ ዙሀራ ስንት ዓመት አንገበገበችኝ! የሠራሁትን በልቶ "የዙሀራ ይሻላል" የማይልበት ጊዜ የለም። "እንግዲያው እኔንም ውሰደኛ" ስለው "ክረምቱ ይውጣ" ይለኛል። ሠላሳ አራት ክረምት ወጣ። አጋሮ ሁለት ጊዜ ለለቅሶ ሄጄ ድንኳን ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ፤ ጌራን ግን በዓይኔ አላየሁትም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ውሸት ነው! እኔን እንዴት አድርጎ ሲናፍቀኝ ኖሯል።

ከአምስት ዓመት በፊት ጀቤሳን የዓይን ግፊት ያዘው። ሕክምናው ዘገየና መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ የዓይን ምርመራውን ወደቀ። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። በላቡ የገዛት አሮጌ ዲኤክስ የቤት መኪና ነበረችን፣ ነጭ፣ በዕድሜ ሌንሳን የምትበልጥ። ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ቆመች። እሱም ከግቢው መውጣት አቆመ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ላሰጣ ብወጣ ጀቤሳ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጧል። ሞተሩ ጠፍቷል። ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ያዞራል። "የቡን አለፍን" ይላል ለራሱ፣ በአጋሮ መንገድ ያለችውን ከተማ። ጥቂት ቆይቶ "አጋሮ ገባን"። የጌራን መንገድ በልቡ እየነዳ ነበር፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። እኔ እርጥቡን ልብስ አቅፌ በእግር ጣቴ ተመለስኩ። ኩሽና ገብቼ የሆዴን አለቀስኩ።

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ተመዘገብኩ።

የማሠልጠኛው ልጆች "ማዘር፣ ልጅ ልታስመዘግቢ ነው?" አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ፈተና ሁለቴ ጣለኝ፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ስንቱን ታቦት ጠራሁ። ቱሉ የሚባል የሰፈራችን መካኒክ ነገሩን ሰምቶ "እትዬ ወይንሸት፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ብሎ ተረተብኝ። "በወንዱማ አልቆ ይኸው አቮካዶ ሥር ቆሟል" አልኩት፣ "አሁን ደግሞ በሴት ይጀመራል!" በሦስተኛው አለፍኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ በዚያን ቀን ከተፈተኑት ሰዎች በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነበርኩ፣ ያለፍኩትም እኔ።

መንጃ ፈቃዱን ጀቤሳ እጅ ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ ዳበሰው።

"የማን ነው?"

"የእኔ።"

ገልብጦ እንደገና ዳበሰውና "ዋቃዮ!" አለ። "ጅማ አለቀላት በያ!"

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በአሰንዳቦ መንገድ መለማመድ ጀመርን። ልምምድ ልበለው ጦርነት! እሱ ከጎኔ ተቀምጦ "ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ረግጠሽ!" ይጮኻል፣ እኔም እጮህበታለሁ፣ ተኮራርፈን ቤት እንገባለን። በእሱ በኩል ያለው የእግር ምንጣፍ በዓመቱ ተበሳ። የሌለ ፍሬን ሲረግጥ እኮ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ለሚካኤል፣ ሌንሳ ከአዲስ አበባ መጣች። ፋርማሲስት ናት፣ ነገር የምትመዝን ልጅ ናት። ምሳ በልተን ስናበቃ "እማዬ፣ እንዳትቆጪ" አለችኝ። እንዲህ ተብሎ የማይቆጣ ሰው አለ? "ለመኪናዋ ገዢ አግኝቻለሁ። እሑድ ከሰዓት መጥቶ ያያታል። አባዬ አያይም፣ አንቺም የትናንት ሹፌር ነሽ። የሆነ ነገር ብትሆኑ እኔ ማን አለኝ?"

"እግሬን ነው የምትሸጪው!" አልኳት። ድምፄ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እውነቴን ነበር። ያቺ መኪና ከግቢው ከወጣች ጀቤሳ ወንበሩ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ተቀምጠን ሞትን መጠበቅ ብቻ ነው የቀረን። ይኼን ግን በልጄ ፊት አላልኩትም።

ጀቤሳ ከወንበሩ ቀና አለ። "የጌራን መንገድ ነድቶ የተመለሰ ሰው ሹፌር ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ሌንሳ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ተነፈሰች። "እሺ" አለች። "ቅዳሜ ውጡ፣ እሑድ ከሰዓት ተመለሱ። አባዬ አይዋሽም። እሱ 'እናትሽ ሹፌር ናት' ካለ መኪናዋ ትቀራለች። ካላለ ሰውዬው ይወስዳታል።"

አለቀልኝ አልኩ። ጀቤሳ በሕይወቱ አንድ ሹፌር አሞግሶ አያውቅማ! ሌንሳ አብራን ልትሄድ ፈለገች፤ "ከኋላ ሆነሽ ስትጮሂ አልነዳም፣ አባትሽ ይበቃኛል" ብዬ አስቀረኋት።

ቅዳሜ በጠዋት ወጣን። መጀመሪያ ወደ ጅሬን ወጣሁ፣ ዳገቱን ፈልጌ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ቆሜ ብነሳ ሌላው ሁሉ ይቀለኛል ብዬ። ወጣሁት! ከላይ የድሮው ቤተ መንግሥት በረንዳው ከነእንጨቱ ቆሟል። ጀቤሳ ጅማ ተወልዶ አንድ ቀን ገብቶበት አያውቅም። "ሥራ ላይ ነበርኩ" ይላል ስጠይቀው። ምሰሶውን በመዳፉ እያሻሸ "ይኼ እንጨት የእኛ አገር ነው፣ ከደን ነው የመጣው" አለ። እኔ ደግሞ ታች የተዘረጋችውን ጅማን አሳየሁት፤ ማለቴ፣ ነገርኩት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ታጥቦ ነበር። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል አልኩት።

ስንወርድ የጅማን መርካቶ ማለፍ ነበረብን። ቅዳሜ፣ በዚያ ላይ የቡና ወቅት! ባጃጁ በግራ፣ ጋሪው በቀኝ፣ ጫት የያዘ ሰው መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ዋጋ ይከራከራል። ጀቤሳ በእግሩ ወለሉን ደለቀ። "ሱታ! ሱታ!" ይላል። በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለቱ ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኩት። "ይሄዳል፣ በባጃጅ ካልተረገጠ" አለ። መርካቶን ማንንም ሳልነካ፣ ማንም ሳይነካኝ አለፍኩ።

ከየቡ ወዲያ ቡናው ቀልቷል። በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች ይለቅሙታል። "ቀልቷል?" ይለኛል፣ "እንደ ደም ቀልቷል" እለዋለሁ። "ገና አረንጓዴ የለበትም?" "ጥቂት አለበት።" "እሱን ካልለቀሙት ዋጋ የለውም" ይላል፣ ሸንተረሩ ሁሉ የእሱ ይመስል። እኔ ቀለሙን እነግረዋለሁ፣ እሱ የቦታውን ስም ይነግረኛል። ሳንጣላ አጋሮ ደረስን፤ ይኼም ታሪክ ነው።

አጋሮ ገብቼ መኪናውን ዙሀራ ምግብ ቤት በር ላይ አቆምኩ። በልቤ ዙሀራን የሳልኳት ቀጭን፣ ጠይም፣ ኩል የተኳለች አድርጌ ነው። ከውስጥ የወጡት ግን ሰባውን ያለፉ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ እናት ናቸው። ስንት ዓመት ለዚህ ነው የተቃጠልኩት?

"ጀቤሳ! ያ ረቢ፣ አለህ እንዴ?" ብለው አቅፈውት አለቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ወይንሸት አንቺ ነሽ? ማሻ አላህ! ይኼ ሰውዬሽ ምግብ ባቀረብኩለት ቁጥር 'የወይንሸት ይሻላል' እያለ ዕድሜ ልኬን ሲያሳርረኝ ኖረ።"

ጀቤሳን አየሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"እትዬ ዙሀራ፣ እኔንም 'የዙሀራ ይሻላል' እያለ ነው ያሳረረኝ" አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አሮጌ ሹፌሮች ምሳ እየበሉ ነበርና ጀቤሳን ከበቡት።

"ማነው የነዳው?" አሉ እትዬ ዙሀራ። "እኔ ነኝ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ወደ ጀቤሳ ዞረው "አንተስ? እንቅልፍ ወሰደህ?" አሉት።

"ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ልቤ አልጠፋም" አላቸው።

"አንተ በሰው መሪ ስትተኛ ያየሁ ቀን ወላሂ በግ አርዳለሁ!" አሉ። ሹፌሮቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰውየው በተሳፈረበት መኪና ሁሉ እንዲህ ከሆነ ስለ እኔ ለልጁ ምን ብሎ ሊመሰክር ነው?

እዚያው አጋሮ አድረን እሑድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። አስፋልቱ አለቀ፣ ኮረኮንቹ ጀመረ። ጀቤሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አፍንጫውን ወደ ውጭ ሰጠ። "አሁን እኔን ስሚ" አለ። "ይኼን መንገድ በአፍንጫዬ ነው የማውቀው።"

የእግዜር ያለህ፣ ማወቅስ ያውቀዋል! "አሁን ወፍጮ ቤት ትሰሚያለሽ" ይላል፣ ወፍጮው ይሰማል። "ከፊትሽ የእንጨት ድልድይ አለ፣ ሁለተኛ አግቢ" ይላል፣ ድልድዩ ብቅ ይላል። "እዚህ መንገዱን ውኃ ይበላዋል፣ ቀኝሽን ያዢ።" ቀኜን እይዛለሁ፣ ግራው እውነትም ተበልቷል። አንድ ሰዓት ሙሉ እሱ እንዳለኝ ሆንኩ። ዓይን የእኔ፣ መንገድ የእሱ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እሱም ፊቱ በርቶ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ መሰለ።

ከዚያ የታጠበ ቡና ልጣጭ ሽታ መጣ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚይዝ ነው። እሸት ቡና ከሚፈለፈልበት ጣቢያ ነው የሚመጣው።

"መፈልፈያው ጋ ደረስን" አለ ጀቤሳ። "ከዚህ ሦስት ኩርባ ቁጠሪ። ከሦስተኛው በኋላ ሜዳ ነው፣ እስከ ጫካው አፍ ድረስ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ልቀቂያት፣ እንድትተነፍስ።"

አንድ ቆጠርን። ሁለት ቆጠርን። ሦስተኛውን ስንዞር "ሜዳው ነው! ልቀቂያት!" አለ።

ሜዳ የለም። መንገዱ እንደገና ቁልቁል ይታጠፋል፣ ከመታጠፊያው በፊት ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ቅጠል ተጥሏል። መንገድ ላይ ቅጠል ማለት ከፊት የቆመ መኪና አለ ማለት ነው፤ ይኼን በአሰንዳቦ መንገድ ያስተማረኝ ራሱ ጀቤሳ ነው። "ቅጠሉ ከጠወለገ ሰዎቹ ሄደው ይሆናል፣ ትኩስ ከሆነ ግን እዚያው ናቸው" ብሎኛል። ቅጠሉ ትኩስ ነበር።

"ምን ያስፈራሻል? ነዳጅ ስጪያት እንጂ! ሜዳ ነው እልሻለሁ!"

"ዝም በል ጀቤሳ!" አልኩት። በትዳራችን ስንቱን ብዬዋለሁ፣ መኪና ላይ ግን ዝም በል ብዬው አላውቅም። ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ ፍሬን። ኩርባውን እንደ ኤሊ ዞርኩት። ከዚያ ወዲያ ጠባብ ድልድይ ነው። አንድ ወገኑ አጥር የለውም። መሐሉ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ተሰብሮ ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች ከሥሩ ተኝተው ይፈታሉ። እግራቸው ወደ እኛ ተዘርግቷል። ለቅቄያት ቢሆን ኖሮ ወይ በእነሱ ላይ ነው፣ ወይ ወንዝ ውስጥ ነው። ቆምኩ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ሞተሩን አጠፋሁ።

"ለምን ቆምሽ?"

"ድልድይ ነው ጀቤሳ። አይሱዙ ተበላሽቶበታል።"

"እዚህ ድልድይ የለም!"

"አለ።"

"የለም እልሻለሁ! ከመፈልፈያው በኋላ..." ብሎ ጆሮውን አቀና። የውኃው ድምፅ ይሰማል። በሩን ከፍቶ ወረደ፣ በዱላው እየፈለገ ሄዶ የድልድዩን ጠርዝ መታ። ከአይሱዙው ሥር አንዱ ሰውዬ እጁን እየጠረገ ወጣ። "አባባ፣ ይጠንቀቁ፣ ገደል ነው" አለው።

"መፈልፈያው የት ሄደ?" አለ ጀቤሳ።

"የድሮው እላይ ነው፣ ገና ነዎት። አሁን ያለፉት አዲሱን ነው። አምና ነው የተሠራው።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ጀቤሳ መቁጠር የጀመረው ከሽታው ነው፤ አሁን ግን ሽታው ሁለት ሆኗል። በአምስት ዓመት ውስጥ መንገዱ ሳይነግረው ተቀይሯል።

የእኔ ምላስ ደግሞ ታውቋታላችሁ። "አላልኩህም?" የምትለዋ ቃል ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኳት። ግራጫ ሆኗል፣ በዱላው ጠርዙን ደጋግሞ ይነካል። 

"ልገድልሽ ነበር" አለ።

"አልገደልከኝም። ቅጠል ማንበብ ማን አስተማረኝና ነው?" ብዬ እጁን ያዝኩት።

አይሱዙው ተጠግኖ መንገዱን ሲለቅ ድልድዩን በአንደኛ ማርሽ ተሻገርኩ። ጀቤሳ ከዚያ ወዲህ አንድ ትእዛዝ አልሰጠም። ጭኑ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። የድሮው መፈልፈያ ሲሸት እንኳ ምንም አላለም። አንጀቴን በላው። ሰውዬዬን ሰበርኩት ብዬ ፈራሁ። ይኼን ያህል ዝም ካለ ለሌንሳም ዝም ይላታል፣ መኪናዋም ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ።

ደኑ አፍ ላይ ደረስንና ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። የናፈቀኝ ጌራ! ዛፉ ሰማይ ሰማይ ይላል፣ ግንዱ በዛፍ ሽበት ተሸፍኗል። ከሥሩ ቡናው ያለ ማንም ገበሬ ቆሟል፣ ቀይ ፍሬው በየቅርንጫፉ ተሰክቷል። ነጭ ጅራት ያላቸው ጉሬዛዎች ካንዱ ዛፍ ወደ አንዱ ሲወረወሩ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እንዲያውም አልኩ! እልልታዬ ደኑ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

"ምን ይታይሻል?" አለኝ ጀቤሳ። ከድልድዩ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ነገርኩት። ግንዱን፣ ሽበቱን፣ ጉሬዛውን፣ በቅጠሉ መሐል የምትወርደውን ብርሃን፣ ሁሉንም። ሳላስቀር፣ እንደ መዝገብ ቤት ሰው። እሱ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ያዳምጣል።

"ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ አለፍኩ" አለ ስጨርስ። "ጉሬዛ መኖሩን በድምፁ ነው የማውቀው። ዓይኔ ደህና እያለ የማየው መንገዱን ብቻ ነበር፣ ወይንሸት። ዛፉን አላየሁትም።"

"እንኳን አሁን አየኸው" አልኩት።

ሳቀ። እግዜር ይስጠው፣ ሳቀ! ዳቦ ቆርሰን በላን፣ ሻይ ከፔርሙዝ ጠጣን። ስንነሳ እየዳበሰ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና ከወንበሩ ሥር ከተተው። ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቀ። "ጋሪዳ" አለ፣ በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። "ንጂ።"

ነዳሁ። የድሮውን መፈልፈያ አለፍኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ አዲሱን መፈልፈያ አለፍኩ። አንድ ቁልቁለት ላይ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ወደ ወለሉ ዓይኔን ጣል አደረግሁ፤ ባዶ እግሩ ምንጣፉ ላይ እንደ ሕፃን እግር ተዘርግቷል። ፍሬን አይረግጥም። ከዚያ ማንኮራፋቱን ሰማሁ።

አቤት የዚያን ጊዜ የሆንኩት! ጀቤሳ ኩመራ ተኛ! ያውም በጌራ ቁልቁለት! መጮህ አማረኝ፣ ማልቀስ አማረኝ፣ ማቆም አማረኝ፤ ካቆምኩ ግን ይነቃል። እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር እንደ አራስ ቤት ነው የማልፈው።

አጋሮ ስንደርስ እትዬ ዙሀራ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሩን ሳላጠፋ ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩና ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ወደ ጎኔ ጠቆምኩ። እትዬ ዙሀራ በምርኩዛቸው ተነስተው በመስኮቱ አጎንብሰው አዩ። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ከኋላቸው ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ መጥተው መኪናውን ከበቡ። አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። አንደኛው በስልኩ ፎቶ ሊያነሳ ሲል እትዬ ዙሀራ በምርኩዛቸው እጁን መቱት።

"በጌን አስበላሽኝ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሰናዳዋለሁ። ራስሽ ነድተሽ አምጪው።"

"ኢንሻ አላህ እትዬ ዙሀራ" አልኳቸው እኔም።

ጅማ ስገባ አንድ ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ፊቴ ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ክላክሱም እኔም አንድ ላይ ነበር የምንጮኸው። ዝም ብዬ አሳለፍኩት።

መንደራ ቆጪ ደርሼ ግቢው ስገባ ሌንሳ ቆማለች። ከጎኗ አንድ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰውዬ አለ፣ ገዢው መሆኑ ነው። ገና ሳልቆም ጎማ ጎማ ያያል። አቮካዶው ሥር አቆምኩ። ሞተሩ ሲጠፋ ጀቤሳ ነቃ። "የቡ ደረስን?" አለ።

"ቤትህ ነው ያለኸው" አልኩት።

ሌንሳ በእሱ በኩል በሩን ከፈተችለት። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ነኝ። "አባዬ፣ ሰውዬው ቆሞ እየጠበቀ ነው" አለች። "እውነቱን ንገረኝ። እማዬ እንዴት ነዳች?"

ጀቤሳ ዓይኑን አሻሸ። በእግሩ ጫማውን ፈለገ።

"እኔ ምኑን አውቄው?" አላት። "ከጌራ ጀምሮ ተኝቼ ነው የመጣሁት።"

ሌንሳ ወደ አባቷ ጎንበስ አለች። ጉንጩ ላይ የወንበሩ ስፌት ታትሟል፤ እሱን በጣቷ ነካችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንባዋ መጣ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ "ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ" አለችው፣ "መኪናዋ አትሸጥም።"

እኔም ቁልፉን ነቅዬ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት።